ጽጌና ስደት፦ ስለ አበባው ወቅትና ስለ በረራ ፍርሃት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የሳሪስ አቦ አጥቢያ ልጆች ሁላችሁ የምታውቁት አንድ ነገር አለ። በጽጌ ወር ቅዳሜ ሌሊት ማሕሌት ቆመን ስናድር፣ ከከበሮውና ከጸናጽሉ ድምፅ መካከል የአውሮፕላን ድምፅ ጣልቃ ይገባል። ቦሌ ከእኛ ሩቅ አይደለምና። ብዙዎቻችን ስለ ለመድነው ቀና ብለን እንኳ አናየውም። እኔ ግን ለዓመታት ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ፍርሃት፣ ፍርሃቱንም ይዤ እንዴት እንደምጓዝ ስላስተማረኝ ስለ አበባው ወቅት ልጽፍላችሁ ወደድኩ። በመካከላችን ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ቀን የተቆረጠላቸው እኅቶች አሉ፤ ለትምህርት የሚሄዱ ወንድሞች አሉ፤ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሳፈሩ እናቶችና አባቶችም አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የሚፈሩ ይመስለኛል፤ ፍርሃታቸውን ግን አፍረው አይናገሩትም።

አንድ ወቅት፣ ሁለት መታሰቢያ

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ክረምት መስከረም 25 ቀን ያበቃል፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ዘመነ መጸው ይባላል። በዘልማድ «ጸደይ» እያልን የምንጠራው የአበባ ወቅት በባሕረ ሐሳቡ ስሙ መጸው ነው፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 ጀምሮ ያለው ወቅት ነው። በመጸው መግቢያ ላይ ያሉት 40 ቀናት፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት፣ ዘመነ ጽጌ ናቸው። ጽጌ ማለት አበባ ማለት ነው።

በእነዚህ 40 ቀናት ግን ቤተ ክርስቲያን የምታስበው አበባን ብቻ አይደለም። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ሰይፍ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መከራም ታስባለች። አባ ጽጌ ድንግል የደረሰውን ማሕሌተ ጽጌ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያስተውላል፤ አበባውና ስደቱ፣ መዓዛውና ዕንባው በአንድ ድርሰት ውስጥ ተዋሕደው ይዜማሉ።

እስቲ ይህን ነገር ቆም ብለን እናስበው። ምድር በልምላሜ ባጌጠችበት ወራት ቤተ ክርስቲያን የምታስታውሰን በፍርሃት የተሞላ ጉዞን ነው። ሌሊት ተነሥቶ መሄድ፣ የማያውቁት አገር፣ በኋላ የሚከተል ገዳይ፣ በእቅፍ ያለ ሕፃን! ጻድቁ ዮሴፍም የፈራ ሰው ነበር። ከግብፅ ሲመለስ አርኬላዎስ በአባቱ በሄሮድስ ፈንታ በይሁዳ መንገሡን ሰምቶ ወደዚያ መሄድ እንደ ፈራ ወንጌላዊው በግልጽ ጽፎልናል (ማቴ. 2፥22)። እግዚአብሔር ግን «ለምን ፈራህ?» ብሎ አልገሠጸውም። በሕልም ተረድቶ ወደ ገሊላ እንዲሄድ መንገዱን አሳየው። ፍርሃቱ ከጻድቃን ማኅበር አላወጣውም፤ ሕፃኑንና እናቱን ከመጠበቅም አላገደውም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው። ቤተ ክርስቲያን አበባውንና የስደቱን መንገድ በአንድ ወቅት አስተባብራ ስታስብ፣ ፍርሃት እስኪጠፋ ሳንጠብቅ ማመስገን እንደምንችል ታስተምረናለች።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

የእኔ ፍርሃት የጀመረበት ቀን ይታወቃል። ዐቢይ ጾም ከተያዘ በኋላ በነበረ እሑድ ማለዳ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ጉዞ ጀመረ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ በተባለ ስፍራ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ነፍሳት አለፉ። ከአራት ቀን በኋላ መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዓመታዊ በዓል ነበር። የዚያን ዓመት የአቦን በዓል የማስታውሰው ከኀዘን ጋር ነው። መጋቢት 8 ቀን ደግሞ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የ17 ኢትዮጵያውያን የቀብር ሥርዓት ተፈጸመ። ሣጥኖቹ አስከሬን አልያዙም፤ ቤተሰቦች ከአደጋው ስፍራ የተወሰደ አፈር ነበር የተሰጣቸው።

የአደጋው መንሥኤ በምርመራ ታውቋል። አውሮፕላኑ አየሩን የሚቀድበትን ማዕዘን ከሚለኩት መሣሪያዎች አንዱ የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፤ በዚያ መረጃ የተነሣ አንድ ራሱን በራሱ የሚያዝ ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፋው። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ያለቁበት አውሮፕላንም ዓይነቱ ያው ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ ይህ የአውሮፕላን ዓይነት በዓለም ዙሪያ ከ20 ወር ላላነሰ ጊዜ ከበረራ ታገደ፤ ሥርዓቱም ተሻሻለ።

ይህን የምጽፈው ቍስል ለመነካካት አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ከአንደበታችን የሚወጣ አንድ ክፉ ቃል ስላለ ነው፤ «ምን ቢበድሉ ነው?» የሚል። ጌታችን ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መልሶታል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ነግሮናል፤ ከዚያም ሰሚዎቹን ወደ ገዛ ንስሐቸው መልሷቸዋል (ሉቃ. 13፥4-5)። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ የጸለየ አልነበረምን? በአንገቱ ማተብ ያሰረ፣ ቅዱስ ሥዕል የያዘ አልነበረምን? ማተባችን የእምነታችን ምስክር ነው፤ አደጋ እንዳይደርስብን የምንገዛው ዋስትና ግን አይደለም። እምነትን ወደ ዋስትና ውል ከለወጥነው፣ አደጋ በደረሰ ቀን እምነታችንም አብሮ ይወድቃል።

«ብታምን ኖሮ አትፈራም ነበር»

ይህን ቃል ስንቶቻችን ሰምተነዋል? ስንቶቻችንስ ተናግረነዋል? እኔ የተናገርኩትም የተነገረኝም ነኝ። ለሚፈራ ሰው ይህን መናገር ሁለተኛ ሸክም መጫን ነው። ሰውዬው ቀድሞ የሚፈራው አውሮፕላኑን ብቻ ነበር፤ አሁን ግን የገዛ ነፍሱን ሁኔታም ይፈራል።

ፍርሃት ሁሉ አንድ አይደለም። እግዚአብሔርን መፍራት የጥበብ መጀመሪያ ነው። ሰውን ፈርቶ እውነትን መካድ ኃጢአት ነው። ከመሬት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአየር ላይ መሆን የሚያስከትለው የሥጋ ድንጋጤ ግን የሰውነታችን ደካማነት ነው። ጌታችን በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ እንዳዘነች ለደቀ መዛሙርቱ ሲነግራቸው (ማቴ. 26፥38)፣ የሥጋን ድካም የሚንቅ አምላክ እንደሌለን አሳየን። በፍርሃት መካከል ጸሎትን አልተወም፤ የአባቱንም ፈቃድ አስቀደመ። ከእኛ የሚፈለገውም ይህ ነው።

ደግሞም ፍርሃታችን ሚዛን የለውም። በአገራችን መንገዶች በየዓመቱ በመኪና አደጋ የሚያልፈው ወገን በሺዎች የሚቆጠር ነው፤ እኛ ግን በደብረ ዘይት መንገድ በሚከንፍ ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደናል። አውሮፕላንን አብልጠን የምንፈራው አደጋው ስለሚበዛ ሳይሆን መሪው ከእጃችን ስለራቀ ነው፤ ካፒቴኑን አናየውም፤ «ወራጅ አለ!» ማለትም አንችልም። እውነቱን ለመናገር ግን በመሬትም ላይ ሆነን ሕይወታችን በእጃችን አልነበረችም። አውሮፕላኑ ይህን የቆየ እውነት ያስታውሰናል እንጂ አዲስ ነገር አላመጣብንም።

ሕዋሳትን መዝጋት ወይስ ማንጻት?

ስለ ሕዋሳት ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ መጠበቅ ነው። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም እንዲጾሙ አስተምሮናል፤ ትምህርቱ እውነት ነው። ነገር ግን የሕዋሳት ጾም ሕዋሳትን ማደንዘዝ ይመስለናል። ጾም ማንጻት ነው፤ የነጻ ዓይን ደግሞ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል።

ጌታችን ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ባስተማረበት ቦታ (ማቴ. 6፥25-34) ለጭንቀት የሰጠውን መድኃኒት ልብ በሉ። የሰማይ ወፎችን ተመልከቱ አለ፤ የሜዳ አበቦችን አስተውሉ አለ። ጭንቀታምን ሰው በመጀመሪያ ያዘዘው እንዲያይ ነው። የሚበርና የሚያብብ፣ ሁለቱን በአንድ ትምህርት አጣምሮ አሳየን። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍርሃት የመጀመሪያ ሥራው ዓይንን ማስጨፈን ነውና። የሚፈራ ሰው በውስጡ የሚያየው ያልደረሰውን አደጋ ነው፤ በፊቱ ያለውን የእግዚአብሔርን ቸርነት ግን አያይም።

ቤተ ክርስቲያናችን ሕዋሳትን ሁሉ ለምስጋና የምትጠራ እናት ናት። ዓይን ቅዱሳት ሥዕላትን ያያል፤ ጆሮ ዜማውን ይሰማል፤ አፍንጫ ዕጣኑን ያሸታል፤ ከንፈር መስቀሉን ይሳለማል፤ እግር ጫማ አውልቆ የተቀደሰውን ምድር ይረግጣል፤ አፍ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላል። እንግዲህ በቅጽሩ ውስጥ የተማርነውን ከቅጽሩ ውጭ ልንኖረው ይገባል።

«የእኛ ሰፈር እኮ የፋብሪካና የመኪና ጭስ ሰፈር ነው፤ ምን አበባ አለው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጭስ አለ፤ የአቃቂ ወንዝም ሽታው ደስ አይልም። ነገር ግን ከቃሊቲ በቀላል ባቡር ተሳፍራችሁ ወደ ከተማ ስትመጡ ከአቦ መጋጠሚያና ከሳሪስ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ስሙ አደይ አበባ ነው። ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ አበባውን ቆመን ያየነው ግን ስንት ጊዜ ነው? በጥቅምት ማለዳ በቅጽሩ ሣር ላይ ያለውን ጤዛ በባዶ እግራችሁ ረግጣችሁታል? ክረምት ያጠበውን ሰማይ አይታችኋል? በመንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበሰውን የበቆሎ እሸት ስትቀምሱ፣ ዝናሙን የሰጠውን አስባችሁ ታውቃላችሁ? ይህ ሁሉ ዋጋ የማይከፈልበት ስጦታ ነው። የሚጠይቀን ቆም ማለትንና «ተመስገን» ማለትን ብቻ ነው።

በዚህ የጽጌ ወር ውስጥ ጥቅምት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል ይውላል፤ ጽጌም የሚፈጸመው ኅዳር 5 በወርኃዊ በዓሉ ዕለት ነው። በአጥቢያችን የጻድቁን ሥዕል ስትሳለሙ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ሰው የሚሸሻቸው አንበሶችና ነብሮች በእግሩ ሥር ናቸው፤ አንዲት ወፍም ከዓይኑ ዕንባ ትጠጣለች። ጻድቁ አራዊቱን አላጠፋቸውም፤ በመካከላቸው ሆኖ ጸለየ። እኛም ፍርሃታችን ካልጠፋ አንጸልይም፣ አናመሰግንም ማለት የለብንም።

መስኮቱ

ከዚያ አደጋ ጥቂት ዓመታት በኋላ በጥቅምት ወር ለሥራ ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን መሄድ ግድ ሆነብኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ስሳፈር የደረሰኝ ወንበር በመስኮት በኩል ነበር፤ ገና ከመቀመጤ የመስኮቱን መከለያ ዘጋሁት። መቁጠሪያዬን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር።

አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ተናወጠ። እኒያ እናት ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ፈርተሃል እንዴ?»

«አዎ፣ እማማ» አልኳቸው፤ መዋሸት አልቻልኩም።

«እኔም ፈርቻለሁ። ግን መስኮቱ ያለው አንተ ጋ ነው። ክፈትልኝና ልይ፤ ነገ ከነገ ወዲያ የማገኘው ነገር አይደለም።»

ለእርሳቸው ብዬ ከፈትኩት። የዓባይ ሸለቆ ከታች ተዘርግቶ ነበር። ከዚያም የጎጃም ምድር ታየ፤ የኑጉ አበባ ማሳውን ቢጫ አልብሶታል፤ በመካከል ደግሞ የጤፉ አረንጓዴ አለ። በየማሳው መካከል ጥቅጥቅ ያሉ ክብ አረንጓዴ ስፍራዎች አዩና ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ።

«ቤተ ክርስቲያኖች ይመስሉኛል፣ እማማ። ዙሪያቸውን ያለው ዛፍ ነው እንዲህ የሚታየው።»

ዝም ብለው ተመለከቱ። ቆይተው «ከላይ ሆኜ ብሳለም ድፍረት አይሆንብኝም?» አሉ።

ምን እንደምመልስ አላወቅሁም። እርሳቸው ግን መልሴን አልጠበቁም፤ ዝቅ ብለው አማተቡና «ላዩም ታቹም የእርሱ ነው» አሉ።

ነቢዩ ዳዊት በንጋት ክንፍ ቢበር፣ እስከ ባሕር ዳርቻም ቢሄድ የእግዚአብሔር እጅ በዚያም እንደምትመራው፣ ቀኙም እንደምትይዘው ዘምሯል (መዝ. 138፥9-10)። መዝሙሩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በዚያ ቀን ግን በዓይኔ አየሁት። ያ ሁሉ ደን ቆሞ የቀረው አባቶችና እናቶች የቤተ ክርስቲያንን ዛፍ መቍረጥን ስለ ፈሩ፣ እግዚአብሔርንም ስላከበሩ ነው። ቅዱሱ ፍርሃት አገርን አለመለመ፤ የእኔ ፍርሃት ግን መስኮት አዘጋ።

ፍርሃቴ በዚያች ሰዓት ጠፋ ብዬ አልዋሻችሁም። ጣና ታይቶ አውሮፕላኑ ሲያርፍ መዳፌ በላብ ርሶ ነበር። ነገር ግን በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ ፍርሃት ብቻዬን አላገኘኝም፤ ምስጋናም አብሮኝ ተሳፍሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስበር እፈራለሁ፤ መስኮቱን ግን አልዘጋም።

ለምትጓዙ ሁሉ

በቅርቡ የምትሳፈሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፍርሃታችሁን ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም። ንስሐ ገብታችሁ፣ ቢቻላችሁ ቅዱስ ቁርባን ተቀብላችሁ፣ ቡራኬ ወስዳችሁ ሂዱ፤ ይህንም የምታደርጉት አውሮፕላኑ እንዳይወድቅ በማስገደድ ሐሳብ አይሁን፤ በሕይወትም በሞትም የእርሱ እንድትሆኑ ነው። በጉዞው ዋዜማ የአደጋ ቪዲዮ በስልካችሁ እየፈለጋችሁ ነፍሳችሁን አታስጨንቁ። አውሮፕላኑ ሲናወጥ የሚሆነው መኪና በኮረኮንች መንገድ ላይ እንደሚሆነው ያለ መሆኑን አስቡ፤ ክንፉም የተሠራው እንዲተጣጠፍ ሆኖ ነው። ጆሯችሁ ሲደፈን ምራቃችሁን ዋጡ። መቁጠሪያችሁን በእጃችሁ ዳስሱ፤ በቀስታ እየተነፈሳችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በሉ። ከዚያም ዓይናችሁን ክፈቱ፤ የምታዩትን ደመና፣ ተራራና ወንዝ አንድ በአንድ እየጠራችሁ አመስግኑ።

ፍርሃቱ ከአቅም በላይ ሆኖ እንቅልፍና እህል የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ጉድለት አይደለም። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ልናከብረውም እንደሚገባ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 አስተምሮናል።

ለቀረነው ደግሞ አንድ ሥራ አለን። የሚፈራ ወንድማችንን «እምነትህ ጎድሎ ነው» አንበለው፤ አብረነው እስከ በሩ እንሂድ፤ ደርሶ እስኪደውል እንጸልይለት። ቅዳሜ ሌሊት በማሕሌቱ መካከል የአውሮፕላን ድምፅ ስንሰማም በውስጡ የሚፈራ ሰው እንዳለ አስበን በጸሎታችን እናስታውሰው። እመቤታችን ልጇን ይዛ በፍርሃት የሄደችበትን መንገድ እያሰብን በምናድርበት ሌሊት፣ በሰማይ የሚጓዙትን መርሳት አይገባንምና።

የበረራ ቁጥር 302ን መንገደኞችና ሠራተኞች ነፍስ ይማርልን፤ ቤተሰቦቻቸውን ያጽናልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጸሎትና በረከት በመሬትም በአየርም ከምንጓዝ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።